የቮልሷ ሞተሪኖ፦ ጥርስ ሳይቆጠር አይገዛም

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዋ የ1964 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ናት፣ ባለ 1200 ሞተር። ከፋብሪካ የወጣችው በ6 ቮልት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ ሬጉሌተሩንና አምፖሎቹን ወደ 12 ቀይረዋል። ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ኤሌክትሪክ ሞተር) ግን አልነኩትም።

ችግሯ እንዲህ ነው። ጠዋት በብርዱ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች። ከተማ ዞራ፣ ሞቃ፣ ነዳጅ ልቅዳ ብዬ ሳጠፋት ግን ቁልፉን ባዞረው "ጧ" ብቻ። ሌላ ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰው ለምኖ ማስገፋት ነው። ቮልስ ቀላል ስለሆነች ሁለት ጎረምሳ ይበቃታል፤ ቢሆንም በየማደያው እየተገፋች መኖር የለባትም።

ያየኝ ሁሉ "ሞተሪኖው አልቋል፣ ቀይረው" ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ግን ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት ሞተሪኖው በቂ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ አንድ ቴስተር ይበቃል።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ቆማ 12.6 ቮልት አላት፤ ባትሪው ደህና ነው። አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ እኔ ለካሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን (30 ቁጥር የተጻፈበት) የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ። ጥሩ ነው። ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ግን 0.9 ቮልት እየጠፋ ነው። ይሄ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲው የሚሄድ አንድ የተጠለፈ የማሳ ሽቦ አለ፤ ሞተሪኖው የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚመለሰው በእሱ ነው። የእኔው አረንጓዴ ዝገት በልቶት ግማሹ ክር ተበጥሷል። አዲስ አሠራሁ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁ። ኪሳራው ወደ 0.1 ወረደ።

ይህን ሥራ ማንም ሰው ሞተሪኖ ከመፍታቱ በፊት ቢሠራው ደስ ይለኛል። ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ እዚያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

የማሳው ሽቦ ጠዋቱን አሻሻለው። ሲሞቅ ያለውን ችግር ግን አልፈታውም። አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ ተመልሼ፣ ቀጭኗ ሽቦ የምትታሰርበትን 50 ቁጥር ለካሁ። ቁልፉ ሲዞር 7.9 ቮልት! ይህች ሽቦ ከፊት ከቁልፉ ተነስታ መኪናውን ሙሉ አቋርጣ ነው ኋላ የምትደርሰው። ስድሳ ዓመት የሞላው ሽቦና ቁልፍ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይበላል። ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ማግኔት) ደግሞ ሲሞቅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ካምቢዮው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ 30ንና 50ን በወፍራም ሽቦ ለአፍታ አገናኘሁ። ዞረ። ሲዞር ግን እንደ መጮህ አለ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ቤንዲክሱ (ወጥቶ ሞተሩን የሚያዞረው የሞተሪኖው ጥርስ) ወዲያው አልተመለሰም፤ ጥርሱ ከቮላኖው (በሞተሩ ጫፍ ካለው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) ጋር ሲፋጭ ይሰማል። ስለዚህ ሁለት ችግር ነው ያለው፦ የሽቦውና የሞተሪኖው የራሱ። ይፈታል።

እሑድ

አፈታቱ። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ ይሄ ቀልድ የለውም፣ 30 ላይ ያለው ሽቦ ፊውዝ የለውም። ቀኙ የኋላ ጎማ ይወልቃል፣ መኪናዋ በማቆሚያ ላይ ትቀመጣለች። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

ሞተሪኖውን የሚይዙት ሁለት ናቸው። የታችኛው ዳዶ ከሥር ይታያል። የላይኛው ብሎን ግን ሞተሩንም አብሮ የሚያስረው ነው፤ ዳዶው ያለው በሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ከፋኑ ቤት ኋላ ነው። በዓይን አይታይም፣ በእጅ እየዳበሱ ነው 17 ቁልፍ የሚገባለት። የብሎኑ ራስ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሞተሪኖው ላይ ተደግፎ አብሮ አይዞርም። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ይመስገን።

ሞተሪኖው ወጣ። ቆሻሻውን ስጠርገው ቦሽ የሚል ሳህን ተገኘ፦ 6 ቮልት፣ 0.5 የፈረስ ጉልበት። የፋብሪካዋ ነው። የኋላ ክዳኑን ስከፍት ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት) አልቀው የመዳብ ሽቦአቸው ኮሌክተሩን (ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የዘንጉን የመዳብ ክብ) እየፋቀ ነው። ኮሌክተሩ ጥቁርና ቦይ የበዛበት ሆኗል። ጫፉን ይዤ ዘንጉን ስወዘውዘው ይንቀሳቀሳል። በ6 ቮልት የተሠራ ዕቃ ለዓመታት 12 ሲቀበል ኖሮ እስካሁን መሥራቱ ራሱ ያስከብረዋል።

እሑድ ማታ

አሁን የሚገዛውን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

መለዋወጫ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሞዴል ናት?" ነው። ለቮልስ ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ቮልስዋገን ለአሜሪካ ገበያ የሚልካቸውን ወደ 12 ቮልት የቀየረው በነሐሴ 1966 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም በ1967 ሞዴል ነው። ለአውሮፓ የሚሸጠው ተራው 1200 ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በ6 ቮልት ቀጥሏል። በዚያ ላይ እኛ ጋ ያሉት መኪኖች ሞተራቸው አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ስለ ቦዲው ይናገር ይሆናል፤ ከውስጥ ስላለው ቮላኖ አይናገርም። በቅሎ ሲገዛ ዕድሜዋ የሚታወቀው በጥርሷ ነው፤ ቮልስም እንደዚያው።

የሚቆጠረው ቮላኖው ነው። ባለ 6 ቮልቱ 109 ጥርስ አለው፣ የፍሪሲዮን ሸራው ደግሞ 180 ሚሊሜትር ነው። ባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስና የ200 ሚሊሜትር ሸራ አለው። የሞተሪኖው ጥርስ ለአንዱ ከተሠራ ለሌላው አይሆንም። መጠኑና አጣጣሉ ይለያያል።

ሁለተኛው የሚለካው ቡሺንጉ ነው። የተራው ሞተሪኖ ዘንግ በጫፉ የራሱ መደገፊያ የለውም። ጫፉ የሚያርፈው ካምቢዮው ላይ በተሰካች ትንሽ የነሐስ ቀለበት ውስጥ ነው። የ6 ቮልቱ ዘንግ ጫፍ 12.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ12 ቮልቱ 11 ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 11 ሚሊሜትር ዘንግ በ12.5 ቀዳዳ ውስጥ ከዞረ ሚዛኑን ስቶ ይወላገዳል፣ ቤንዲክሱ ተንጋዶ ቮላኖውን ይበላዋል። ብዙ "አዲስ ገዝቼ ከወር በኋላ ተበላሸ" የሚባል ሞተሪኖ የሞተው በዚህ ይመስለኛል።

ሰኞ

ጥርሱን ቆጠርኩ። ሞተሪኖው የወጣበት ቀዳዳ እንደ መስኮት ነው። አንድ ጥርስ ላይ በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ፣ የዲናሞውን ፑሊ ዳዶ በ21 ቁልፍ እያዞርኩ። ቀበቶው ከጠበቀ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። አንድ ሰው ያዞራል፣ አንዱ በባትሪ እያበራ ይቆጥራል።

109።

ስቆጥር ግን ሌላም አየሁ። ሁለት ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊት በተቃራኒ፣ ጥርሶቹ ጫፋቸው ተበልቶ ሹል ሆኗል። ሌላው ቦታ ደህና ነው። ይሄ የሚሆነው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ በዘፈቀደ ስለማይቆም ነው። በየግማሽ ዙሩ አንድ ሲሊንደር አየር ሲያምቅ ይገታዋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይቆማል። ሞተሪኖው ለዓመታት የመታው እነዚያኑ ሁለት ቦታዎች ነው። 6 ቮልቱ በ12 ሲሠራ ደግሞ በእጥፍ ሊደርስ በሚችል ፍጥነት እየዞረ ነው ጥርሱን የሚመታው።

ይህ ግኝት ምርጫውን ቀየረው። የአንዳንድ መኪና ቮላኖ ዙሪያው ላይ ያለው ጥርስ ቀለበት ብቻ ነው፣ ተገልብጦ ወይም ተቀይሮ ይታሰራል። የቮልስ ግን ጥርሱ ከቮላኖው አካል ጋር አንድ ነው። ጥርሱ ካለቀ ቮላኖው ይቀየራል።

ረቡዕ፣ ሶማሌ ተራ

አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ገና ጠይቄ ሳልጨርስ ልጁ ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ ሞተሪኖ አውጥቶ አስቀመጠልኝ። "ብራዘር፣ ቮልስ እኮ ቮልስ ነው፤ ሁሉም ይገባል" አለኝ።

ይገባል፤ ውሸት አይደለም። የሁለቱ ብሎኖች ቀዳዳ በ6ቱም በ12ቱም አንድ ዓይነት ነው። አደገኛው ነገር ይሄው ነው፣ ታስሮ ያምራል። የቤንዲክሱን ጥርስና የዘንጉን ጫፍ በካሊፐር ለካሁለት፦ 10.9። "የኔ ቀዳዳ 12.5 ነው፣ ቮላኖዬም 109 ነው" ስለው ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ፣ ካሊፐሩንም ተቀብሎ ራሱ ለካ። ለሌሎች ደንበኞቹ እንደሚነግር ተስፋ አለኝ።

የነበሩኝ መንገዶች እነዚህ ነበሩ።

የድሮውን ማሠራት። ካርቦን ይቀየራል፣ ኮሌክተሩ ቶርኖ ቤት ይላጋል፣ ቡሺንጎቹ ይታደሳሉ። ዋጋው ከሁሉም ይቀላል። ቮላኖው ጤነኛ ቢሆን ይህን መርጬ፣ ቁልፉን ለአጭር ጊዜ ብቻ እያዞርኩ ብዙ ዓመት እነዳ ነበር። ብዙ ሰው 6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ይነዳል፤ ዋናው ነገር አለማስረዘም ነው፣ ጠመዝማዛው ይሞቃልና።

ሌላው፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ነገር ግን ለ109 ጥርስ የተዘጋጀ ሞተሪኖ። ውጭ አገር ይሸጣል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ ልትመጣ ፈቃደኛ ነበረች። ቮላኖዬ ባያልቅ ኖሮ ምርጫዬ ይሄ ይሆን ነበር። አሁን ግን አዲስ ዕቃ ባለቀ ጥርስ ላይ ማሰር ይሆናል። ለ109 ጥርስ ጤነኛ ቮላኖ ደግሞ ፈልጌ አላገኘሁም።

በአንድ ሱቅ ጥግ ላይ ደግሞ የተለየ አየሁ፦ አፍንጫው የተዘጋ፣ ዘንጉ በራሱ ቤት ውስጥ የተደገፈ። ይሄ የተሠራው ፍሪሲዮን ፔዳል ለሌላቸው፣ በከፊል አውቶማቲክ ለሆኑት ቮልሶች ነው። ካምቢዮው ላይ ያለውን ቡሺንግ አይፈልግም፣ ጉልበቱም ይበልጣል። የካምቢዮው ቀዳዳ ራሱ ተበልቶ ቡሺንግ አልይዝ ላለ መኪና መድኃኒት ነው። የኔ ቀዳዳ ደህና ስለሆነ አልፈለግሁትም። እሱም ቢሆን 130 ጥርስ ነው የሚፈልገው።

የመረጥኩት ሙሉውን መቀየር ነው። 130 ጥርስ ቮላኖ፣ የ200 ሚሊሜትር ፍሪሲዮን፣ አዲስ ቡሺንግና ተራው ባለ 12 ቮልት ሞተሪኖ። ሥራው ይበዛል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት። ግን ከዚህ በኋላ ሸራም፣ ካርቦንም፣ ቡሺንግም በፈለግሁ ሰዓት አገኛለሁ። ከሱቅ ሱቅ ዞሬ የቆጠርኳቸው ቮላኖዎች በሙሉ 130 ናቸው።

ሞተሪኖ ሳይሆን መኪና የሚነዳበትን መንገድ እንደመምረጥ ነው፤ ስለዚህ ጋሼን ጠየቅኋቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ የፈቱ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ሞተሩ ከወረደ አይቀር ሁሉንም ጨርሰው፤ ግን ካምቢዮው ውስጥ ይነካሃል፣ እሱን አስብበት" አሉኝ።

ያሉት ልክ ነው። ወደዚያው ልሂድ።

ቅዳሜ

ሞተሩ ወረደ። በአራት ነጥብ ነው የተያዘው፤ የነዳጁን ቱቦ፣ የጋዙን ካቦ፣ የማሞቂያውን ቱቦዎችና ጥቂት ሽቦዎች ከነቀሉ በኋላ ወደ ኋላ ስቦ ማውረድ ነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ በክሪክ ላይ ጣውላ አድርገን አወረድነው።

ቮላኖውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ብሎን ነው፣ 36 ቁልፍ የሚወስድ። የሚጠብቀው በ35 ኪሎግራም ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ሲፈታም ያንኑ ያህል ይታገላል።

እሑድ

ጋሼ ያሉት። ባለ 130ው ቮላኖ ከድሮው ስለሚሰፋ በድሮው ካምቢዮ ጉሮሮ ውስጥ ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ የሚነካበት ቦታ መሞረድ አለበት። የቮላኖውን ጠርዝ በቀለም ቀብቼ፣ ሞተሩን አስጠግቼ በእጅ አዞርኩትና መልሼ ሳወጣው ቀለሙ የታተመበት ቦታ ታወቀ።

እዚህ ላይ አደጋ አለ፣ ማንም ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ልብ ይበል። የቮልስ ካምቢዮ ቤት ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየምም አይደለም። የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። የማግኒዚየም ብናኝ በእሳት ብልጭታ ይያዛል፣ ከተያዘ ደግሞ ውኃ ሲረጭበት ይብስበታል። ስለዚህ ግራይንደር ሳይሆን የእጅ ሞረድ ተጠቀምኩ። አጠገቤ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አስቀመጥኩ። የካምቢዮውን ዘንግ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዙሪያው ላይ ግሪስ ቀብቼ ብናኙን እዚያ ላይ እንዲጣበቅ አደረግሁ። የሚወጣው ብናኝ ብርማና ቀላል ነው፣ እንደ ጉም ይነሳል። በየጊዜው እያቆምኩ በጨርቅ ጠርጌ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀምኩት። ጋራዥ ውስጥ ማንም አጠገቤ እንዳያጨስ ነገርኩ።

ብዙ መሞረድ አያስፈልግም። ቮላኖው ሳይነካ በነፃ እስኪዞር ብቻ። ከዚያ በላይ ቤቱን ማሳሳት ነው።

ሰኞና ማክሰኞ

ቮላኖ ሲቀየር ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ እንደገና ይስተካከላል። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ልኩ የሚገኘው ከቮላኖው ኋላ በሚገቡ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ውፍረት ነው። ቁጥራቸው ሁልጊዜ ሦስት ነው፣ የሚቀያየረው ውፍረታቸው ነው። የኔ 0.10 ላይ ቆመ። ይህን ሳይለኩ ማሰር ሞተሩን ማበላሸት ነው።

ፕሬሸር ፕሌት (የፍሪሲዮኑን ሸራ የሚጫነውን) ስትገዙ አንድ ነገር እዩ። የድሮው ካምቢዮ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ የሚገፋው መሀል ላይ ቀለበት ያለውን ነው። ቀለበት የሌለው ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለመጡት ነው። ሁለቱም 200 ሚሊሜትር ስለሆኑ ሻጩ አንድ ናቸው ሊል ይችላል።

ቡሺንጉን ቀየርኩ። አዲሱን ሌሊቱን ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ነሐሱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ዘይት ይጠጣል። ከገባ በኋላ የሞተሪኖውን ዘንግ በእጄ አስገብቼ አዞርኩት። ሳይጠብቅ፣ ሳይወዛወዝ ዞረ።

ረቡዕ

ሞተሪኖው። አዲስ የሚያብረቀርቅም፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ቦሽም ነበር። ያገለገለውን መረጥኩ፣ ግን ተከፍቶ ካየሁት በኋላ ነው። ሻጩ እንድከፍተው ፈቀደልኝ። ካርቦኖቹ ገና ረጃጅም ናቸው፣ ኮሌክተሩ ቡናማና ልስልስ ነው፣ ዘንጉ አይወዛወዝም። ካልተፈቀደ አልገዛም ነበር።

በባትሪ ስንሞክረው በእግሬ ጥብቅ አድርጌ ይዤዋለሁ፣ ሞተሪኖ ሲነሳ ይዘላል። የማየው ሲዞር ብቻ አይደለም። ቤንዲክሱ ቶሎ መውጣቱን፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ወዲያው መመለሱን ነው። ባዶውን መዞር ጉልበቱን አያሳይም፤ ስለዚህ ከመሞከሩ ይልቅ የውስጡን ማየት ይበልጣል።

ቅዳሜ

ሞተሩ ገባ፣ ሞተሪኖው ታሰረ። የላይኛውን ብሎን ከሞተሩ ጋር አብሮ ማስገባት እንዳይረሳ።

የመጨረሻው ሥራ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ነው። የድሮዋ ቀጭን ሽቦ አሁን ሶሌኖይዱን በቀጥታ አታዝም፣ የሪሌውን 86 ብቻ ነው የምትቀሰቅሰው። 85 ወደ ማሳ። 30 ከሞተሪኖው ወፍራም ብሎን በፊውዝ አልፎ መጣ። 87 ወደ ሞተሪኖው 50። ሪሌውን ውኃ እንዳይደርስበት ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከባትሪው ራቅ አድርጌ አሰርኩት። የቮልስ ወንበር ስፕሪንግ ባትሪ ላይ ወርዶ እሳት ማስነሳቱ የታወቀ ነው፤ የባትሪው ክዳን ቦታው ላይ መሆኑንም አብሬ አየሁ።

ቁልፉን አዞርኩ። ድምፁ ሌላ ነው። የድሮው ፈጥኖ እየጮኸ ነበር የሚያዞረው፤ ይሄ ዝግ ብሎ፣ ሙሉ ጉልበት አለው። ተነሳች።

ከተማ ወጥቼ በደንብ አሙቄ ተመለስኩና ለካሁ። ሞቃ ሳለ 50 ላይ 11 ቮልት ይደርሳል፤ ባትሪው ሲያዞር ከ10.5 አይወርድም፤ የማሳው ኪሳራ 0.1 ላይ ነው። ቤንዲክሱ ሳይፋጭ ይመለሳል።

ጋሼ የድሮውን 6 ቮልት ሞተሪኖ ወስደውታል። ካርቦኑን ቀይረው፣ ኮሌክተሩን አስልገው ለአንድ ደንበኛቸው ይሰጡታል፤ የሰውየው ቮልስ እስከ ዛሬ በ6 ቮልት የምትሄድ፣ ቮላኖዋም 109 ጥርሱ ያልተነካ ናት። ቆጥረው ነው የነገሩኝ።